በአጭሩ ለማለት ያህል

የሰፈራችን ዕድር ካፈራቸው ተናጋሪዎች ሁሉ የማደንቀው ጥሩምባ ነፊውን ነው። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ፣ ጣና ጭጋጉን ገና እንደተከናነበ፣ ጥሩምባውን ሁለት ጊዜ ያስጮኸውና "የወይዘሮ እገሊት ባል አርፈዋል! ቀብር ስድስት ሰዓት! ያልሰማህ ስማ፣ የሰማህ ላልሰማ አሰማ!" ብሎ ወደሚቀጥለው መንደር ያልፋል። ከዚያ በላይ አይጨምርም። የት እንደሚቀበሩ አይናገርም፤ ያንን ሰፈሩ ያውቀዋል። ምን አሟቸው እንደነበር አይናገርም፤ ያንንማ ሰፈሩ ከሟቹ በፊት ዐውቆታል።

"የሰማህ ላልሰማ አሰማ" የነጋሪት ዘመን ቃል ነው። ትዊተር መጥቶ ሰው የሰማውን በአንድ ጣት ላልሰማ ማሰማት ሲጀምር ዓለም አዲስ ጥበብ ተገኘ ብሎ ተደነቀ። እኛ በዚህ አልተደነቅንም። ያስቸገረን ሌላው ነገሩ ነው፤ ማጠሩ።

የማጠሩ ነገር የመጣው ከጀርመን ነው። በ1985 እ.ኤ.አ. ፍሪድሄልም ሂለብራንድ የሚባል የቴሌኮም ባለሙያ ቦን ከተማ ቤቱ ውስጥ ተቀምጦ የመጣለትን ዐረፍተ ነገርና ጥያቄ ሁሉ በታይፕ እየመታ ፊደሉን ቆጠረ። አብዛኛው ከ160 አላለፈም። የስልክ አጭር መልእክት በዚያ ልክ ተሰፋ። በ2006 እ.ኤ.አ. የመጣው ትዊተርም ከ160ው 20ውን ለባለቤቱ ስም አስቀምጦ 140ውን ለነገሩ ሰጠ። ሰውየው ቆጠራውን ያካሄደው እዚህ ባሕር ዳር፣ አንድ የሰበካ ጉባኤ ስብሰባ ላይ ተቀምጦ ቢሆን ኖሮ ገና የመክፈቻ ንግግሩን ቆጥሮ ሳይጨርስ ጡረታ ይወጣ ነበር።

ጉዳዩ በአማርኛ ደግሞ ይብሳል። በአጭር መልእክት አንድ የላቲን ፊደል 7 ቢት (የኮምፒውተር ትንሿ መለኪያ) ሲፈጅ የእኛው 16 ይፈጃል፤ ስለዚህ አንዱ መልእክት የሚይዝልን 70 ፊደል ብቻ ነው። የማኅበራችን ጸሐፊ፣ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፣ አንድ ቀን የስብሰባ ጥሪ በአጭር መልእክት ሊልኩ ተነሡ። "በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን። የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት በያላችሁበት የእግዚአብሔር ሰላም ይብዛላችሁ" ብለው ጀመሩ። ቆጥሬዋለሁ፤ ባዶ ቦታውን ጨምሮ 70ኛው ፊደል የሚያልቀው "የእግዚአ" ላይ ነው። ጸሐፊው ይህን ስነግራቸው ፊታቸው ጠቆረ። "የእሱን ስም ከምከፍል ገንዘብ ብከፍል ይሻለኛል" አሉና ስብሰባውን በአራት መልእክት ሒሳብ ጠሩ።

ትዊተርም ቢሆን አልራራልንም። በኅዳር 2017 እ.ኤ.አ. ልኩን ወደ 280 ሲያሳድገው ጃፓኖችን፣ ኮሪያዎችንና ቻይናዎችን በ140 ተዋቸው፤ በጥቂት ፊደል ብዙ ስለሚናገሩ አይቸግራቸውም ተባለ። የእኛም ፊደል፣ ኮምፒውተር ለየፊደሉ ቁጥር በሚሰጥበት የኮድ ሰንጠረዥ ላይ ትዊተር ካሰመረው መስመር ማዶ ስለዋለ፣ እያንዳንዱ እንደ ሁለት ይቆጠራል። በጥቂት ፊደል ብዙ ከሚናገሩ ሕዝቦች ጎራ ተመደብን ማለት ነው። ይህን በማኅበራችን ስብሰባ ላይ የተቀመጠ ሰው ቢሰማ ሳቁ ጣና ውስጥ ክብራን ደሴት ድረስ ይደርሳል። ቤኔዲክቶስ 16ኛ፣ የካቶሊኩ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት፣ በታኅሣሥ 2012 እ.ኤ.አ. ትዊተር ላይ ሲገቡ ሰላምታውንም፣ ምስጋናውንም፣ ቡራኬውንም በ140 ውስጥ ጨርሰውታል። ጸሐፊያችን ይህን ሲሰሙ "ምን አጣደፋቸው?" ብለው ነው የጠየቁኝ።

ያወቀን ቴሌግራም ነው። አንድ መልእክት 4,096 ፊደል ይይዛል፤ አንድ ግሩፕ 200,000 ሰው። ዕድሩም፣ የጽዋ ማኅበሩም፣ የሰበካ ጉባኤውም እየተግተለተሉ ገቡ። ሰዎቹ ያው ናቸው። የዕድሩ ሊቀመንበር የጽዋ ማኅበሩ ሙሴ፣ ማለትም መሪ፣ ናቸው፤ የጽዋ ማኅበሩ ጸሐፊ የሰበካ ጉባኤው ጸሐፊ ናቸው፤ ስለዚህ አንዱ "እንኳን አደረሳችሁ" በሦስት በር ይገባና ሦስት ጊዜ መልስ ይጠብቃል። መልሱ "አሜን" ነው። ሰማንያ አራት ነን፤ ሰማንያ ሦስት አሜን ይደረደራል፤ ነገ ጠዋት ስብሰባ አለ የሚለው ቃል ከአሜኑ ሥር ተቀብሮ ይቀራል። አሜን ሳይል የቀረ ሰው በሳምንቱ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጣ "ምነው፣ ቅር ያሰኘንህ ነገር አለ?" ይባላል። እኔ አንድ ጊዜ ተጠይቄአለሁ። ከዚያ ወዲህ ሳላነብ አሜን እላለሁ፤ በዚህ መንገድ ሁለት ጊዜ መዋጮ ለመጨመር ተስማምቻለሁ።

ሙሴያችን መጻፍ አይወዱም። ዐይናቸው ደክሟል፤ ድምፃቸው ግን ገና ነው። የሚልኩት የድምፅ መልእክት ከአሥር ደቂቃ አያንስም፤ ከኋላ ባጃጅ ይጮኻል፣ የቡና ሙቀጫ ይወቀጣል፣ ዶሮም አለ። ዘጠነኛው ደቂቃ ላይ ጉሮሯቸውን ጠርገው "እንግዲህ በአጭሩ ለማለት ያህል" ሲሉ፣ ነገሩ የሚጀመረው ያኔ ስለሆነ የለመደው ሰው ጣቱን ቀጥታ ወደዚያ ይወስዳል።

የጣና ደሴቶች ገዳማት ዘንድ የሆነውን ሳልነግራችሁ እንዳላልፍ። ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴት እንደማይገባባቸው የታወቀ ነው። አንድ ጊዜ ከሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ጋር በሞተር ጀልባ ከእነዚህ ወደ አንዱ ተሻገርን። ከልጆቹ አንዱ ቅጽሩ ውስጥ ቆሞ ስልኩን አወጣና በቀጥታ ማሰራጨት ጀመረ። ወዲያው እናቱ ከባሕር ዳር፣ እኅቱ ከአዲስ አበባ፣ አክስቱ ከሜሪላንድ ገቡ። "ገቡ" ያልኩት እኔ አይደለሁም፤ ስልኩ ራሱ ነው እገሊት ገብታለች፣ እገሊት ገብታለች እያለ የሚጽፈው። ክርክር ተነሣ። አንዱ ሥዕል እንጂ ሥጋ አይደለም አለ። ሌላው ሥዕልን እንዲህ ካቃለልህ የመቅደሱን ሥዕል ምን ልትል ነው ብሎ አፋጠጠው። በዚህ መካከል አንድ አባት መቋሚያቸውን ይዘው ደረሱ፤ ስልኩን ትንሽ ተመለከቱና "ልጄ፣ ስንት ሰው ይዘህ ነው የመጣኸው?" አሉት።

"አሁን አርባ ሦስት ደርሰዋል፣ አባታችን።"

"ጀልባዋ ስንት ትይዛለች?"

"አሥር።"

"እንግዲያው የተረፉትን መልሳቸው።"

በ2015 ዓ.ም. ክረምት የሞባይል ኢንተርኔት በክልላችን ሲቋረጥ ግሩፖቻችን በአንድ ቀን ጸጥ አሉ። ጸጥ አሉ ያልነው ግን እኛ ነን። ከሰማንያ አራታችን አሥራ ዘጠኙ አዲስ አበባና አሜሪካ ናቸው፤ ለእነሱ አልተቋረጠም። እኛ እዚህ ማን ታመመ፣ ማን ወለደ የሚለውን እንደ ድሮው በእግራችን እየዞርን ስንጠያየቅ፣ እነሱ እዚያ ማኅበሩን ማስተዳደር ቀጠሉ። ወራት አልፎ መስመሩ ሲመለስ ስልኬ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ተንጫረረ። የመስቀል፣ የገና፣ የጥምቀትና የፋሲካ እንኳን አደረሳችሁ በአንድ ከሰዓት በኋላ ደረሱኝ። ከእነሱ መካከል ቃለ ጉባኤም ነበረበት። አባላት በሙሉ ድምፅ አዲስ ሥራ አስፈጻሚ መርጠዋል፤ ሊቀመንበሩ ዴንቨር ነው። ተቃውሞ ያለው ካለ እስከ እሑድ እንዲያሳውቅ ተጠይቆ ከባሕር ዳር አንድም ተቃውሞ አልመጣም። ቀጥሎም ሥራ አስፈጻሚው ባደረገው ስብሰባ፣ በዚህ በሠለጠነ ዘመን ሞትን በጥሩምባ መንገር ኋላ ቀርነት ስለሆነ፣ ጥሩምባ ነፊው ከምስጋና ጋር እንዲሰናበትና መርዶ በቴሌግራም ብቻ እንዲነገር ወስኗል።

ቀኑን አየሁት። ውሳኔው ከተላለፈ ስምንት ወር ሆኖታል። በእነዚያ ስምንት ወራት ከተማው ውስጥ ሳይቋረጥ የሠራ መሣሪያ ቢኖር ያ ጥሩምባ ነው። ሰውየው መሰናበቱን ሳያውቅ፣ ያለ ሥልጣን፣ ስንቱን ሰው አስቀብሯል። ጸሐፊያችን ደንገጥ አሉ። "ታዲያ እነዚያ ቀብሮች ይጸናሉ?"

ስብሰባ ተጠራ፣ በአካል። ሦስት ሰዓት ፈጀ። ጥሩምባ ነፊው ወደ ሥራው እንዲመለስ ተወሰነ፤ ደመወዙም ተጨመረ። ዴንቨር እንዳያዝን ደግሞ አንድ ማሻሻያ ገባ፦ ጥሩምባውና ቴሌግራሙ ተቀናጅተው እንዲሠሩ። ስልክ ተገዛለት።

ባለፈው ሐሙስ ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ጥሩምባው ሁለት ጊዜ ጮኸ። ቀና ብዬ አዳመጥኩ። "የአቶ እገሌ እናት አርፈዋል!" አለ፤ ትንሽ ቆየና "ዝርዝሩ ግሩፑ ላይ አለ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ!" ብሎ አለፈ።

ስልኬን ከፈትኩ። በስመ አብ ይላል። ሰላምታው አለቀ፣ የሟቿ የሕይወት ታሪክ ከማይጨው ዘመቻ ጀመረ፣ 4,096ው ሞላና ወደ ሁለተኛው መልእክት ተሻገረ። ከሥሩ የሙሴያችን ድምፅ፣ አሥራ አንድ ደቂቃ። ከእሱ ሥር አሜን፣ አሜን፣ አሜን። የቀብሩን ሰዓት አጣሁት። ጋቢዬን ደርቤ ወጣሁና ሰውየውን የዘንባባዎቹ ጥግ ላይ ደረስኩበት። ጥሩምባውን ብብቱ ሥር ወሽቆ፣ በስልኩ ብርሃን ፊቱ ሰማያዊ ሆኖ ቆሟል።

"ቀብሩ ስንት ሰዓት ነው?" አልኩት።

"እኔም ገና አሜኖቹ ላይ ነኝ፣ ጋሼ" አለኝ፤ ጣቱን ሳያነሣ።