የእህቴ የቃል ኪዳን ልጅ

ነሐሴ 2016 መጨረሻ ላይ ልጄን ኦሃዮ ውስጥ ያለ አንድ ኮሌጅ አስገባን። መኪናችን ገና ሳይቆም አንድ ዓይነት ቲሸርት የለበሱ ተማሪዎች መጡና ዕቃዋን ተሸክመው ፎቅ አወጡላት። በሯ ላይ ስሟ ተጽፎ ተለጥፏል። አብራት የምትኖረውን ልጅ ያገኘቻት ከወር በፊት በስልክ መጠይቅ ሞልታ ነው። ስንት ሰዓት ትተኛለሽ? መብራት በርቶ እንቅልፍ ይወስድሻል? እንግዳ ይበዛብሻል? እንዲህ እያሉ ያጣምሯቸዋል። ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ወላጆች እንድንሰናበት ተነገረን። እናቷ እንባዋን ይዛ ቆይታ መኪና ውስጥ ስትገባ ለቀቀችው።

በሳምንቱ የክበባት ቀን ነበር። ሣሩ ላይ ጠረጴዛ ተደርድሮ ቼዙ፣ ቀዘፋው፣ ክርክሩ፣ ሁሉም ተማሪ ይጣራል። የሐበሻ ተማሪዎች ማህበርም አንድ ጠረጴዛ ነበረው፤ ልጄ ተመዘገበች። እቤት ሙዚቃ ስከፍት "ባባ ቀንሰው" ትለኝ የነበረችው ልጅ እስክስታ የተማረችው ዶርም ኮሪደር ላይ ነው። የባህል ምሽት አዘጋጁ። አዳራሽ የጠየቁት፣ በጀት የጻፉት፣ ምግብ ያዘዙት ራሳቸው ናቸው። ጭስ ክልክል ስለሆነ ቡናው ያለ ዕጣን ተፈላ። ቢሆንም ተፈላ። ያን ማታ በልጄ ኮራሁ።

ኅዳር ላይ የምስጋና ቀን ዕረፍት መጣና ልጄ ቤት ገባች። በልተን፣ ስቀን፣ አራት ቀን አብረን ከርመን ተመለሰች። ከዚያ በኋላ ነው በስልክ የነገረችኝ። እነሱ ፎቅ ላይ ከጋና የመጣች አንዲት ፍሬሽ ተማሪ አለች። መመገቢያው ተዘግቶ ስለነበር እነዚያን ቀናት ብቻዋን ክፍሏ ውስጥ ኢንዶሚ እየቀቀለች ነው ያሳለፈችው። የእኛ ቤት ከዚያ አንድ ሰዓት ተኩል መንገድ ነው። "ለምን ይዘሻት አልመጣሽም?" አልኳት። "አልጠየቀችኝማ!" አለችኝ። ክፋት የላትም፣ ልጄን አውቃታለሁ። ሰው ካልጠየቀ ጣልቃ አይገባም በሚባልበት አገር ነው ያደገችው። ውጤቷን እንኳ እኛ ወላጆቿ ያለ እሷ ፈቃድ ከኮሌጁ የማግኘት መብት የለንም። እ.ኤ.አ. በ1974 የወጣ የፌዴራል ሕግ ነው። ያ መልሷ ግን ሆዴ ውስጥ ቀረ።

ጥር ላይ ለጥምቀት ጎንደር ገባሁ። እህቴ ቤት ስደርስ አንድ የማላውቀው ወጣት በርጩማ ላይ ተቀምጦ ነጭ ሽንኩርት ይልጣል። "ልጄ ነው" አለችኝ እህቴ። በዚህ ዕድሜዋ ከየት አመጣችው ብዬ ደነገጥኩ። ለካ የቃል ኪዳን ልጅ ነው። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከሌላ አካባቢ የሚመደቡ ተማሪዎችን ከከተማው ቤተሰቦች ጋር የሚያገናኝበት አሠራር አለው። አንድ ቤተሰብ አንድ ተማሪ ይረከባል። በዓል ሲሆን ይጠራዋል፣ ሲታመም ይጠይቀዋል። ልጁ የመጣው ከወላይታ ሶዶ ነው። በ2016 ከተፈተኑት የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 5.4 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ እሱ ከነሱ አንዱ ነው። ዶርም ውስጥ ስድስት ናቸው፣ አራት ቋንቋ ይናገራሉ። መጠይቅ የሞላ የለም፤ ስማቸውን በር ላይ ተለጥፎ አገኙት፣ ገቡ፣ ተላመዱ።

ልጁ ፕሮቴስታንት ነው። እህቴ ደግሞ ማርያምን ሳትጠራ አትውልም። ለከተራ ነጭ ሸሚዝ ገዝታለት ጠበቀችው። "ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ ነው የሚባለው፣ ሸሚዝም ያው ነው" አለችው። አብሮን ወጣ። ታቦታቱ ወደ ፋሲለደስ ጥምቀተ ባሕር ሲወርዱ ከእህቴ ልጆች ጋር በሆታው መሃል አየሁት። አንዱ ትከሻውን ይዞታል፣ እሱም ዱላ ተውሶ ይዘላል። በማግስቱ ጎህ ሳይቀድ ተነስተን ሄድን። ከቀሃ ወንዝ የተጠለፈው ውኃ ገንዳውን ሞልቶታል። ሲባረክ ወጣቶቹ ከግንቡ ላይ እየዘለሉ ገቡ። እሱ ዳር ቆሞ በስልኩ ቀርጾ ለእናቱ ላከ። ለምን አትገባም ያለው ሰው የለም። ማታ እህቴ "በሞቴ፣ ይቺን ብቻ" እያለች ስታጎርሰው ቆይታ "ሎጂክ ስንት አመጣህ?" ብላ ጠየቀችው። የነገራትን ውጤት አልወደደችውም። ፈቃድ የሚያስፈልገው ሕግ እዚያ ቤት አይሠራም።

ይህ ነገር ከባዶ የመጣ አይመስለኝም። ዩኒቨርሲቲው በ1947 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች ማሠልጠኛ ሆኖ ሲጀመር ተማሪዎቹ ወደ ሕዝቡ ወጥተው በቡድን እንዲሠሩ ተደርጎ ነው የተቀረጸው። ልጅ ሆኜ ነጭ ጋውን የለበሱ ተማሪዎች ሰፈራችን ሲመጡ ቡና ሳይጠጡ አይሄዱም ነበር።

አንድ ነገር ግን ከልጄ ኮሌጅ ወደ አገራችን ግቢዎች ቢመጣ ደስ ይለኛል። እኔ ባየኋቸው የባህል ቀኖች ንግግሩ ይበዛል፣ ኃላፊ ፊት ለፊት ይቀመጣል፣ ተማሪው ያጨበጭባል። ከእነዚያ ስድስት ልጆች አንዱ ማይክ ይዞ የአገሩን ዘፈን ለሌሎቹ ቢያስተምር፣ በጀቱንም ራሱ ቢይዝ ምን ነበረበት? ይችላሉ። አንዱን በሆታው መሃል አይቼዋለሁ።

ልጁ ወደ ግቢ ሊመለስ ሲል እናቱ ደወሉ። እህቴ ስልኩን ነጠቀችው። እናት በወላይትኛ፣ እህቴ በአማርኛ፣ እሱ መሃል ቆሞ ያስተረጉማል። ትንሽ ቆይተው ተርጓሚውን ረሱት። ሁለቱም በአንድ ጊዜ ያወራሉ፣ ሁለቱም ያለቅሳሉ። ከዚያ እህቴ ጓዳ ገብታ ዳቦ ቆሎ በፌስታል ትቋጥር ጀመር። ስድስት ፌስታል።

እየቋጠረች የጋናዋን ልጅ ታሪክ ነገርኳት። እጇን አቆመች።

"ስሟ ማን ነው?" አለችኝ።

አልጠየቅሁም ነበር። ማታ ለልጄ ደወልኩ።