አንጣላም

ዛሬ ጠዋት ሁለተኛውን የቡና ስኒ ሳላጋምስ የግቢው በር ተንኳኳ። ደላላው ነው። ቤቴን ልሸጥ ከተነሣሁ ሦስት ሳምንት ሆኖኛል፤ በእነዚህ ሦስት ሳምንታት የገዛ ልጆቼን ዓመቱን ሙሉ ካየኋቸው በላይ ይህን ልጅ አይቼዋለሁ። «ጋሼ፣ ዓርብ ሁነኛ ገዢ ይዤ እመጣለሁ» አለኝ። ደስ አለኝ። በደስታው ተደፋፍሬም ለሦስት ሳምንት ጉሮሮዬ ላይ የተቀመጠችውን ጥያቄ እንደምንም ገፍቼ አወጣኋት።

«ለመሆኑ ያንተ ኮሚሽን ስንት ነው?»

ልጁ እጁን ደረቱ ላይ አሳረፈ፤ አንገቱን ሰበር አደረገ። «ኧረ ጋሼ! እሱን ይተዉት፤ እኛ በዚህ አንጣላም።»

አንጣላም! መች ተጣላን? እኔ የጠየቅሁት ቁጥር ነው። እሱ የመለሰልኝ ዕርቅ ነው። ዕድሜ ያስተማረኝ ነገር ቢኖር፣ አንድ ሰው ሥራ ሳይጀመር «አንጣላም» ካለ ለጠቡ ቀን ቆርጦለታል ማለት ነው።

ይህች ቃል ስንት እህት እንዳላት ታውቃላችሁ። «የፈለጉትን ይስጡኝ» አንዷ ናት። አምና የውሃ ታንከሩ ሲያፈስ አንድ የቧንቧ ሠራተኛ ጠራሁ። ስንት ነው ስለው «የፈለጉትን፤ ደግሞ ከእርስዎ ጋር!» አለ። ጨረሰና የፈለግሁትን ሰጠሁት። ሰውዬው አልቆጠረውም። በአውራ ጣቱ ጫፉን ገለጥ አድርጎ አየና፣ የሞተች አይጥ በጭራዋ እንደያዘ ሰው ከራሱ ራቅ አድርጎ ያዘው። «ይሄ…» አለ። ሌላ ቃል አልተናገረም። በዚያች «ይሄ» ብቻ 300 ብር ጨመርኩ፤ ምሳም በላ። ለካ «የፈለጉትን» ያለው ፈቃዴን ፈልጎ አይደለም፤ ይሉኝታዬን ነው።

ስለዚህ ዛሬ አልለቀቅሁትም። «ቁጥር ንገረኝ» አልኩት።

«የታወቀ ነው ጋሼ። ሁለት ፐርሰንት።»

«ከማን?»

«ከእርስዎ።»

«ከገዢውስ?»

ስልኩን አየ። ሁለት ስልክ አለው፤ አንዱ ጀርባው እንዳይወልቅ በላስቲክ ታስሯል። ያየው የታሰረውን ነው። «ከገዢውም… ሁለት።»

እኔ 31 ዓመት ሒሳብ ያስተማርኩ ጡረተኛ ነኝ። ለቤቱ የጠራሁት ዋጋ 9 ሚሊዮን ብር ነው። ከእኔ 180 ሺህ፣ ከገዢው 180 ሺህ፣ ድምር 360 ሺህ። በዚህች ከተማ ስንቱን ልጅ ፐርሰንት ያስተማርኩት እኔ ነኝ፤ ምናልባት ይህንንም ልጅ። ከሆነ ትምህርቱ በደንብ ገብቶታል።

እዚህ ላይ የምወዳት ተረት አለች፤ አያቴ ሳይጠራት የሚውልበት ቀን አልነበረም። «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም።» አያቴ ይህችን የሚተርታት ሁለት ሠርግ በአንድ ቀን ሲጠራም ነበር፣ ሁለት ማኅበር ልግባ ለሚል ሰውም ነበር፣ አንድ ጊዜማ ሁለት ቁራሽ ዳቦ በሁለት እጄ ይዤ ሲያየኝ ተርቶብኛል። (ሁለት ሠርግ ሲጠራ ግን ሁለቱም ቤት በልቶ ነው የሚመጣው። እሱ ሌላ ነገር ነው።) ይህችኑ ለደላላው ብነግረው ሳቀ። «ጋሼ፣ ዛፎቹ ጎን ለጎን ከሆኑ ይወጣል» አለኝ።

መልስ አጣሁ። እውነቱን ነው፤ የእሱ ሙያ ዛፎቹን ማጠጋጋት ነው።

ደግሞ ለሁለት ዛፍ ከዚህ ከተማ የሚመች የለም። ሁለት ስም ያላት ከተማ ናት። ልጁ ስልክ ሲያወራ አዳምጡት። ደዋዩ ከአዲስ አበባ የሚደውል ሸምገል ያለ ሰው ከሆነ «ናዝሬት ነው አባባ፣ ድሮ የሚያውቋት ናዝሬት» ይላል። ወጣት ከሆነ፣ ወይም የከተማ አስተዳደሩ ቢሮ ያለ ሰው ከሆነ «አዳማ» ነው። አንዱ ዕጣን ዕጣን የሚል ትዝታ ይገዛል፣ ሌላው በፈጣን መንገዱ 85 ኪሎ ሜትር ያህል ነድቶ የሚደርስበት ኢንቨስትመንት ይገዛል። ቤቱ ያው የእኔ ቤት ነው፤ ጣሪያው ዝናብ ሲመጣ በሁለቱም ስም ያንጠባጥባል።

በቴሌግራም ያወጣልኝን ማስታወቂያ ሳነብማ ቤቱን እኔው ልገዛው ቃጣኝ። «ከአስፋልት 100 ሜትር ገባ ብሎ» ይላል። ገባ ብሎ! የደላላ «ገባ ብሎ» በእግር የሚለካ አይደለም፤ ባጃጁ ራሱ መሃል ላይ ቆም ብሎ «አባባ፣ ገና ነው እንዴ?» ብሎ የሚጠይቅበት ርቀት ነው። ቀጥሎ «ነፋሻማ አካባቢ» ይላል። የአዳማን ነፋስ የሚያውቅ ያውቀዋል። ከከተማዋ ወጣ ብሎ ኮረብታው ላይ የቆሙት የነፋስ ተርባይኖች የመጀመሪያው ዙር 51 ሜጋ ዋት፣ ሁለተኛው ዙር 153 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አላቸው። የሁለተኛው ዙር ብቻ 102 ተርባይን ነው። ይህን ሁሉ ብረት የሚያሽከረክር ነፋስ ባለቤቴ ያሰጣችውን አንሶላ ምን እንደሚያደርገው አስቡት። ጎረቤት ግቢ ነው የሚገባው። ከዚያ ግቢ ደግሞ የገባ ነገር አይወጣም፤ እሱን እደርስበታለሁ።

ካሬውንም እሱ ነው የለካው። ካርታው 200 ካሬ ይላል። ልጁ ግን ካርታ አላመነም፤ ግቢውን በእርምጃ ዞረው፤ «አሥራ አንድ፣ አሥራ ሁለት…» እያለ። የረጅም ሰው እርምጃ አይደለችም፤ ወደ ግንቡ ሲጠጋ ደግሞ ይበልጥ አጠራት። ሲጨርስ «ወደ 230 ይጠጋል ጋሼ» አለኝ። እኔ አጥሬን አንድ ክንድ እንኳ አላሰፋሁም፤ 30 ካሬው ከየት መጣ? ደግሞ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ላይ መሬት የማይሸጥ የማይለወጥ ነው ይላል። እኔ የምሸጠው በሕግ ግድግዳዬንና ጣሪያዬን ነው። ገዢ ሁሉ ግን ገና በር ሳይገባ የሚጠይቀው «ካሬው ስንት ነው?» ብሎ ነው፤ ግድግዳውን የሚያየው ሻይ ከጠጣ በኋላ ነው፣ ያውም ለማፍረስ እያሰበ።

እስካሁን ያወራሁት ለሳቅ ነው። አሁን ግን የምር ያናደደኝን ልንገራችሁ። ባለፈው ማክሰኞ ልጁ ጓሮ ሆኖ በስልክ ሲያወራ ሰማሁት። «ትንሽ ጠበቅ ካላችሁበት ይወርዳል፤ ሰውዬው ቸኩሏል» ይላል። ቸኩያለሁ? እኔ? ሩጫ የተውኩት በ1978 ዓ.ም. ነው! ዛሬ ሁለት ፐርሰንቱን ስሰማ ወረቀት አወጣሁና አሰላሁ። ቤቱ በ9 ሚሊዮን ፈንታ በ8 ሚሊዮን ተኩል ቢሸጥ ከእኔ ኪስ 500 ሺህ ብር ይጎድላል። ከእሱ ግን፣ ከእኔም ከገዢውም የሚወስደው ተደምሮ፣ የሚጎድለው 20 ሺህ ብር ነው። ለ20 ሺህ ብር ብሎ ሁለት ወር ገዢ ከሚጠብቅ ዛሬውኑ አስማምቶ ነገ ወደ ሌላ ቤት ቢሄድ ይሻለዋል። ሰውዬው ሌባ ስለሆነ አይደለም፤ ሒሳቡ ራሱ ነው እንዲህ የሚያስብለው። እኔ በወር ጡረታ የማላያትን ገንዘብ እሱ በአንድ ስልክ ያወርዳታል። የሁሉን ሰው ዋጋ ይቀንሳል፤ የራሱን ሁለት ፐርሰንት ብቻ ማን ይንካበት? ሽንኩርት ስገዛ ካልተከራከርኩ «ሞኝ» የሚለኝ አገር፣ በ180 ሺህ ብር ስከራከር «ኧረ ነውር ነው ጋሼ» ይለኛል።

ሌላ አማራጭም አቅርቦልኝ ነበር። «እርስዎ ንጹህ በእጅዎ የሚገባውን ይንገሩኝ፤ ከላይ ያለው የእኔ ይሁን።» ይህችን አውቃታለሁ። አብሮኝ ያስተማረ አንድ ወዳጄ እንዲህ ብሎ ሸጠ። ከዓመት በኋላ ለቅሶ ቤት ከገዢው ጋር ጎን ለጎን ተቀመጡ። ንፍሮ እየቆረጠሙ ዋጋ ሲነጋገሩ ቁጥራቸው አልገጥም አለ። ወዳጄ ያን ቀን ያለቀሰውን ያህል የሟቹ ዘመድ እንኳ አላለቀሰም ይባላል።

ለፍርድ ያህል፣ ልጁ አይሠራም አልልም። በአዳማ ፀሐይ 12 ሰው አምጥቶ አሳይቷል። ቤቱ ዕዳና እገዳ እንደሌለበት ወረፋ ይዞ አጣርቷል፤ እኔ ብሆን መስኮት ተሳስቼ ሳምንት እሰለፍ ነበር። በመጀመሪያው ቀን ከእሱ ጋር ሦስት ሌሎች መጥተው ነበር፤ አንዱ ቤቱን የሚያውቅ፣ አንዱ ያን የሚያውቀውን የሚያውቅ፣ ሦስተኛው ምን እንደሚያውቅ እስካሁን አልገባኝም፤ ውሃ ጠየቀን፣ ጠጣ፣ ሄደ። የእሱም ድርሻ ከዚያችው ሁለት ፐርሰንት ውስጥ ነው አሉ።

ወደ ጎረቤቴ ልመለስ። ይህ ሰው ዲሽ ላስተካክል ብሎ መሰላሌን ከተዋሰ ዘጠኝ ዓመት አለፈው። «ነገ እመልሳለሁ፤ በመሰላል አንጣላም» ነበር ያለኝ። (አያችሁ? ያችው ቃል!) በዚያ መሰላል ዲሹን አስተካከለ፤ ቀጥሎ ጣሪያውን ቀየረ፤ ቀጥሎ በላዩ አንድ ፎቅ ጨመረበት። አሁን ከዚያ ፎቅ ሆኖ ግቢዬን ቁልቁል ያየኛል። ባለፈው እሑድ ከላይ ሆኖ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ጋሼ፣ ለልጁ ኮሚሽኑን ይስጡት እንጂ፤ ለሰው ሐቁን መከልከል ጥሩ አይደለም።» የሰው ሐቅ! ደላላው ደግሞ ለገዢዎች «ጎረቤቱ ሸጋ ነው» ይላል። ሸጋማ ነው። ቤቴን ስሸጥ መሰላሉን በውሉ ውስጥ ምን ብዬ ላስገባው ነው? «ከአንድ መሰላል በስተቀር፣ እሱም ጎረቤት ያለ» ልበል? ሁለት ዛፍ ላይ የሚወጣውስ ያለ መሰላል በምን ይወጣል?

ይህን ሁሉ ለልጁ እየነገርኩት ነበር። ጨዋ ነው፤ «እህ፣ እህ» እያለ ያዳምጣል። ከመሰላሉ ወደ ፍትሐ ብሔር ሕጉ ተሻገርኩ። ሕጉ የወጣው በ1952 ዓ.ም. ነው፤ በሁለት ዓመት ይበልጠኛል። ቁጥር 2877 ላይ የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በጽሑፍ ካልተደረገ እንደማይጸና ይናገራል። «እና ቤቱ በጽሑፍ፣ ምስክር ተቆጥሮ፣ ውልና ማስረጃ ተሂዶ ይሸጣል፤ ያንተ 180 ሺህ ግን በ‹አንጣላም› ብቻ?» እያልኩ፣ ጣቴን እያነሣሁ፣ ባለቤቴ እጇን በነጠላዋ እያደረቀች ከጓዳ ወጣች።

«ልጄ፣ ቁጭ በል እስቲ። ስንት ነው የምትለው?»

«ሁለት ነው እትዬ፤ ልማዱ…»

«አንድ።»

«ኧረ እትዬ፣ እኛ እኮ አራት ነን። አንድ ተኩል ያድርጉልኝ።»

«አንድ ከሩብ። ውሉ ሲፈረም እንጂ ቀብድ ሲበላ አይደለም። ከጓደኞችህ ጋር የምትካፈለውም ከዚያው ነው፤ ሌላ ደላላ በሬ ላይ አልይ። ከ9 በታች ከወረደ ደግሞ አንድ ብቻ። ቡናው ሳይበርድ ጠጣ።»

ልጁ ጠጣ። እሷ የዕቁብ ደብተሯን አመጣች፤ የሰፈሩ ዕቁብ ጸሐፊ እሷ ናት። ከኋላው ገጽ ላይ ጻፈች፤ ከኪሴ እስክሪብቶዬን መዝዛ ሰጠችው። እሱም አንድ ጊዜ አነበበና ፈረመ። በስሌቴ 112 ሺህ 500 ብር ነው። ሦስት ሳምንት የፈጀብኝ ነገር አንድ ስኒ ቡና አልፈጀም።

«ጋሼም ከመጀመሪያው እንዲህ ብለውኝ ቢሆን» አለ ልጁ ሲነሣ፣ ፊቱ ላይ ቅሬታ ሳይሆን እፎይታ እየታየ፤ «እኔም እኮ ለመናገር አፍሬ ነው።»

ምን እላለሁ? «ዓርብ ስንት ሰዓት?» አልኩት። «አራት ሰዓት» ብሎ ወጣ። ባለቤቴ ስኒዎቹን ሰበሰበች። ስለ መሰላሉ ልጠይቃት አሰብኩ፤ እሷ ብትሄድለት ጎረቤቴ እስከ ማታ ይመልሰው እንደነበር ድንገት ገባኝና ዝም አልኩ።

ኪሴን ስዳብስ እስክሪብቶዬ የለም። ያ ልጅ ይዞት ሄዷል።