ሮበርት ፓወል፦ ከፊቱ ይልቅ ድምፁ

ባለፈው ሰሞን አንድ ሌሊት እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ስልኬን አነሳሁና ስለ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተሠራ ዘጋቢ ፊልም ከፈትኩ። «ወርልድ ዋር ቱ ኢን ከለር» ይባላል። በ2009 የወጣ፣ 13 ክፍል ያለው ነው (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ድሮ በጥቁርና ነጭ የተቀረጹ የጦር ሜዳ ምስሎችን ቀለም ሰጥቶ ያሳያል። እኔ ግን ምስሉን አላየሁትም። ስልኩን ትራሴ አጠገብ ደፍቼ ዓይኔን ጨፈንኩ።

ድምፁ ያዘኝ። አይጮህም። አያለቃቅስም። ስንት ሰው እንዳለቀ ሲናገር እንኳ ድምፁን አያንቀጠቅጥም። ቁጥሩን በቀስታ ያስቀምጥና ትንሽ ዝም ይላል። ያቺ ዝምታ ናት የቀረችኝን እንቅልፍ ጭራሽ ያባረረችው።

በማግስቱ ተራኪው ማን እንደሆነ ፈለግኩ። ሮበርት ፓወል ነው። በ1977 በተላለፈው «የናዝሬቱ ኢየሱስ» ተከታታይ ፊልም ላይ ኢየሱስን ሆኖ የተጫወተው እንግሊዛዊ። ስሙን የማያውቅ ሰው እንኳ ፊቱን ያውቀዋል። ያ ሰማያዊ ዓይን፣ ያ ቀጭን ፊት ከፊልሙ ተቆርጦ በየአገሩ እንደ ቅዱስ ሥዕል ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ፊቱን ለዓመታት የማውቀው ሰው ድምፁ ጆሮዬ ሥር እየነገረኝ አለመለየቴ ገረመኝ።

ከዚያ ስለ እሱ የተጻፈ ነገር ማንበብ ጀመርኩ። አንብቤም ተናደድኩ። ታሪኩ ብዙ ጊዜ የሚነገረው በአንድ ቅርጽ ነው፦ ወጣ ወጣ፣ ኢየሱስን ተጫወተ፣ ከዚያ ቀስ በቀስ ወረደ። ትረካው መጨረሻ ላይ በአንዲት መስመር ትነካለች፣ «የዘጋቢ ፊልም ተራኪም ነው» ተብሎ። ልክ ጡረታ የወጣ ሰው ጊዜ ማሳለፊያ ያህል። እኔ ይህን አልቀበልም። ፓወል ገና ከጀመረ ጀምሮ የያዘው ትልቁ ችሎታ መተረክ ነው። ትረካው ተዋናይነቱ የደረሰበት ቦታ እንጂ የወደቀበት አይደለም።

የተወለደው ጁን 1 ቀን 1944 ሳልፎርድ ውስጥ ነው። ሳልፎርድ ከማንቸስተር ጎን ያለች የፋብሪካ ከተማ ናት። ስቶክ ኦን ትሬንት በምትባል ከተማ ቴአትር ቤት ሙያውን ተለማመደ። በ1969 «ዘ ኢታሊያን ጆብ» ላይ ከዘራፊዎቹ አንዱ ሆኖ ብቅ አለ፤ ትንሽ ቦታ ነበረች። ሰው ያወቀው በ1970 ነው። ቢቢሲ «ዱምዋች» የሚል ድራማ ጀመረ። ፓወል ቶቢ ሬን የሚባል ወጣት ሳይንቲስት ሆነ። ተመልካቹ ወደደው። እሱ ግን በአንድ ገጸ ባሕርይ ታስሮ መቅረት አልፈለገም፤ ልውጣ አለ። የመጀመሪያው ዙር መጨረሻ ላይ ቶቢ ሬን ባሕር ዳር ባለ መዝናኛ ድልድይ ሥር ቦምብ ሲያመክን ፈንድቶ ሞተ። በዚያ ዘመን ዋና ገጸ ባሕርይ እንዲህ በድንገት አይገደልም ነበር። ሰዉ ደነገጠ። የሚያሳዝነው፣ ቢቢሲ በወቅቱ የድሮ ካሴቶችን እያጠፋ እንደገና ይቀዳባቸው ስለነበር ያ ክፍል ዛሬ የለም። የፍንዳታው ትዕይንት የተረፈው የሁለተኛው ዙር መክፈቻ ላይ ተደግሞ ስለነበረ ብቻ ነው።

ወደ «የናዝሬቱ ኢየሱስ» ልመለስ፤ ነገሬ ያለው እዚያ ነውና። ዳይሬክተሩ ፍራንኮ ዜፊሬሊ ፓወልን መጀመሪያ ያሰበው ለይሁዳ ነበር። ዓይኑን ካየ በኋላ ሐሳቡን ቀየረ። ፊልሙ ሞሮኮና ቱኒዚያ ውስጥ ተቀረጸ። ስድስት ሰዓት ገደማ ይረዝማል። ፓወል በዚያ ሁሉ ጊዜ ዓይኑን የሚያርገበግበው ከስንት አንዴ ነው። ሁሉም የሚያወራው ስለዚህ ነው። ስለ ዓይኑ።

እኔ ግን አንድ ትዕይንት አስታውሳችኋለሁ። ኢየሱስ ቀራጩ ማቴዎስ ቤት ግብዣ ላይ ነው። ጴጥሮስ ማቴዎስን አምርሮ ይጠላል፤ በቀረጥ አራቁቶታል። እንዲህ ያለ ሰው ቤት አልገባም ብሎ ውጭ ቀርቷል። ከዚያ ኢየሱስ የጠፋውን ልጅ ምሳሌ መናገር ይጀምራል። ልብ በሉ፣ ፊልም ነው። ዳይሬክተሩ ቢፈልግ ልጁን፣ እሪያዎቹን፣ አባትየውን ሊያሳየን ይችል ነበር። አላሳየም። አንድ ሰው ይናገራል፣ ሌሎቹ ይሰማሉ፣ በቃ። ፓወል ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ፊቱ ያሉትን እንግዶች እያየ ይናገራል፤ ታሪኩ ግን የሚደርሰው በር ላይ ቆሞ ወደሚሰማው ጴጥሮስ ነው። አባትየው ሮጦ ልጁን ሲያቅፍ ድምፁ ይሰበር ይሆን ብላችሁ ትጠብቃላችሁ። አይሰበርም። እንባው ለሰሚው ተትቷል። ሲጨርስ ጴጥሮስና ማቴዎስ ይታረቃሉ። ከስድስቱ ሰዓት ውስጥ እኔን ውስጤን የሚነካኝ ይህ ነው፤ ይህ ደግሞ ትረካ ነው። ከ32 ዓመት በኋላ ጦርነቱን ሲተርክ የሰማሁት ሰው ያው ሰውዬ ነው።

ከዚያ በኋላ ሥራ አላጣም። በ1978 «ዘ ተርቲ ናይን ስቴፕስ» በሚለው ፊልም ላይ የለንደኑ ትልቅ ሰዓት የቢግ ቤን ደቂቃ ቆጣሪ ላይ ተንጠለጠለ። ያንኑ ገጸ ባሕርይ አሥር ዓመት ቆይቶ በቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማ መለሰው። ከ1993 እስከ 1997 ከኮሜዲያኑ ጃስፐር ካሮት ጋር «ዘ ዲቴክቲቭስ» ላይ ሰው አሳቀ። ከ2005 እስከ 2011 የሆስፒታል ድራማው «ሆልቢ ሲቲ» ላይ ነርስ ሆነ። ይህን ወርዷል የሚሉ አሉ። ኢየሱስን የተጫወተ ሰው ከዚያ በኋላ ምን መሆን ነበረበት? በዚያ ፊት ታስሮ አለመቅረቱ እኮ ራሱ ድል ነው። ቶቢ ሬንን እንዳስገደለው ሁሉ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሁሌ ያስደንቀኛል። «የናዝሬቱ ኢየሱስ» ላይ ኒቆዲሞስን የተጫወተው ታላቁ እንግሊዛዊ ተዋናይ ሎረንስ ኦሊቪዬ ነው። ኦሊቪዬ ደግሞ ከ1973 እስከ 1974 የታየውን የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘጋቢ ፊልም «ዘ ወርልድ አት ዋር» የተረከ ሰው ነው። 26 ክፍል ነው። የሚጀምረው ኦራዱር በምትባል የፈረንሳይ መንደር ፍርስራሽ ላይ ነው። ጁን 10 ቀን 1944 የናዚ ወታደሮች ነዋሪዋን የጨፈጨፉባት መንደር ናት። ካሜራው ባዶውን መንገድ ይዞ ይሄዳል፣ ኦሊቪዬ በዝግታ ይናገራል። በእንግሊዝ ቴሌቪዥን የጦርነት ትረካ የሚለካው እስከ ዛሬ በዚያ ነው። ፓወል ከእሱ ጋር ካሜራ ፊት ቆሞ ነበር፤ በኋላ ያንኑ ጦርነት ለሌላ ትውልድ ተረከው። የተባበሩት ኃይሎች ናዚን ሊወጉ በፈረንሳይ ባሕር ዳርቻ ኖርማንዲ ሲወርዱ ደግሞ ፓወል የአምስት ቀን ሕፃን ነበር። በሕፃንነቱ ያለፈበትን ጦርነት ሽማግሌ ሆኖ ነገረን።

«ተራኪ እኮ ሌላ ሰው የጻፈለትን ያነባል እንጂ ምን ይሠራል?» የሚል ሰው አጋጥሞኛል። እኔም እንደዚያ አስብ ነበር። አንድ ጊዜ ለአጭር ዘጋቢ ፊልም የአራት ደቂቃ ጽሑፍ ላነብ ስቱዲዮ ገባሁ። ከሁለት ሰዓት በላይ ፈጀብኝ። የወረቀቱ መገለጥ ይሰማል። የሸሚዜ እጅጌ ይሰማል። «ጴጥሮስ» ስል ማይኩ ላይ እንደ ጥይት ፈነዳ፤ አፌን ወደ ጎን እንዳዞር ነገሩኝ። ምስሉ ሳያልቅ እኔ አለቅኩ፣ ቀጥሎ ደግሞ ምስሉ አለቀና እኔ ቀረሁ። ከሁሉ የከበደኝ ግን ሐዘን ያለበት ዓረፍተ ነገር ነው። ሳዝን ውሸት ሆነ። ሳላዝን ዜና ሆነ። መሃሏን ቦታ ማግኘት አቃተኝ። ፓወል ለ13 ክፍል እዚያች መሃል ላይ ቆሟል።

እኛ አማርኛ ተናጋሪዎች ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ የለብንም። ወጋየሁ ንጋቱ ትልቅ የመድረክ ተዋናይ ነበር። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ ሲተርክ ግን ስንቱ ነው ሥራውን አቁሞ የሰማው! መጽሐፉን ገልጦ የማያውቅ ሰው በዛብህን የሚያውቀው በእሱ ድምፅ ነው። ወጋየሁ ከመድረክ ወደ ሬዲዮ ወረደ የሚል አንድም ሰው ሰምቼ አላውቅም። ለፓወልም የምጠይቀው ያንኑ ነው።

አሁን ደግሞ ነገሩ የክብር ብቻ አይደለም። በ2023 ተዋናዩ ስቲቨን ፍራይ ለድምፅ መጽሐፍ ካነበባቸው የሃሪ ፖተር ቅጂዎች ድምፁ ተወስዶ፣ በሰው ሠራሽ አስተውሎት ተመስሎ፣ ያላነበበው ዘጋቢ ፊልም ላይ እንደተሰማ ተናገረ። በቀጣዩ ዓመት የተፈጥሮ ዘጋቢ ፊልሞች ተራኪው ዴቪድ አተንቦሮ የራሳቸው ድምፅ ተገልብጦ ሲሰሙ እጅግ እንደረበሻቸው ገለጹ። የእንግሊዝ ተዋንያን ማኅበር ኢኩዊቲ ይህን መቃወም የጀመረው ከዚያ በፊት፣ በ2022 ነው። ትክክል ናቸው። ድምፅ የሰው አካል ነው፤ ባለቤቱ ሳይፈቅድ አይወሰድም።

የእኛን ዩቲዩብም እዩት። በማሽን የሚነበብ የአማርኛ ትረካ በዝቷል። «ይበላል» ሲጠብቅና ሲላላ ሁለት የተለያየ ነገር ነው፤ አንዱ በይ፣ ሌላው ተበይ። ፊደላችን አይነግርህም። ተራኪው ቀድሞ አንብቦ፣ ገብቶት፣ ወስኖ ነው የሚናገረው። ማሽኑ ያጠብቀዋል ወይም ያላላዋል፣ እንደመጣለት። አድማጩም አንባቢ ምን ያህል እንደሚያስብ የሚያውቀው ያኔ ነው።

ስለዚህ የምለው አጭር ነው። የተራኪው ስም መጀመሪያ ላይ ይጻፍ፤ ከዳይሬክተሩ ስም ጎን። ስለ አንድ ተዋናይ ሕይወት ስንጽፍም ትረካውን ከፊልሞቹ እኩል እናንሳው። ድምፁን ሌላ ቦታ ልጠቀም ያለ ደግሞ ያስፈቅድ፣ ይክፈል።

ትናንት ማታ የመጨረሻውን ክፍል ጨረስኩ። ፊልሙ ሲያልቅ ስሞቹ መውጣት ጀመሩ። እንደተለመደው መስኮቱ ጥግ ላይ ጠበበና ሌላ ፊልም ሊጀምርልኝ መቁጠር ያዘ። ቶሎ ብዬ ነካሁትና መልሼ አሰፋሁት። ስሙ እስኪወጣ ጠበቅኩ። አነበብኩት፣ ከዚያ ስልኩን አጠፋሁ።