«ኔትወርክ የለም»፦ የቱ ነው የሌለው?

ኧረ በቸሩ መድኃኔዓለም! ከደጀን እስከ ዳንግላ ያለው የቢሮ መስኮት ሁሉ እኮ «ኔትወርክ» የምትባለዋን ቃል መሸሸጊያ አደረጋት። ከጮቄ ግርጌ ሌሊት ተነስቶ ደብረ ማርቆስ የደረሰ ገበሬ የማዳበሪያ ብር ሊያስገባ ይሰለፍና «አባቴ፣ ኔትወርክ የለም፣ ነገ ይምጡ» ይባላል። አጠገቡ ዘበኛው ቲክቶክ እያየ ይስቃል። በምን? በኔትወርክ!

እስቲ እንለየው። ሲግናል ሌላ፣ ዳታ ሌላ። *804# ደውላችሁ ቀሪ ሂሳብ ከመጣ ሲግናል አለ፤ እሱ ኢንተርኔት አይፈልግም። የሲግናሉ ምልክት ሞልቶ ገጽ እምቢ ካለ የጠፋው ዳታው ነው። በ2015 ክረምት ሞባይል ኢንተርኔት ሲዘጋብን እኮ አይተነዋል። ዳታው እየተንቀራፈፈ ከሆነ ኤርፕሌን ሞድ 10 ሰከንድ ያህል አብርቶ ማጥፋት ነው፤ ስልኩ ታወር እንደ አዲስ ይፈልጋል፣ አንዳንዴ ወደ 4ጂ ይመለሳል።

የቢሮው ግን ከዚህ ጋር አይገናኝም። ኮምፒውተሩ በኬብል ከስዊች (የቢሮውን ኬብሎች ከሚያገናኘው ሳጥን)፣ ስዊቹ ከራውተር (ቢሮውን ከውጭ ከሚያገናኘው)፣ ራውተሩ ብዙ ጊዜ በፋይበር ከዋናው መሥሪያ ቤት ሰርቨር (መዝገቡ ካለበት ኮምፒውተር) ይያያዛል። መብራት ሄዶ የዩፒኤሱ (መብራት ሲሄድ ለጊዜው የሚያቆየው) ባትሪ የሞተ ከሆነ ራውተሩ ይጠፋል፤ ይሄ የመብራት ችግር ነው፣ ጀኔሬተር አስነሱ! ጎረቤት ኮምፒውተር እየሠራ አንዱ ብቻ ከቆመ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ ጠረጴዛው ሥር ነው። የኬብሉ ጫፍ ላይ ያለችው የፕላስቲክ ምላስ ተሰብራ (መጥረጊያ ስንቴ መቷታል!) ጫፉ ከቀዳዳው ሾልኳል፤ ስዊቹ ላይ የዚያ ቀዳዳ መብራት ጠፍቶ ታገኙታላችሁ። ለጊዜው ገፋ አድርጎ መሰካት፣ ኋላ ጫፉን ቆርጦ በክሪምፐር (የኬብል ጫፍ መቆንጠጫ) አዲስ ማሰር ነው። ሁሉም መስኮት ባንዴ ከቆመ፣ ስዊቹና ራውተሩም ደህና ከሆኑ፣ ችግሩ ከራውተሩ ወዲያ ነው። ያኔ ቡሬ ወይ ፍኖተ ሰላም ያለ ቅርንጫፍ መደወል ነው፦ እነሱም ከቆሙ ሰርቨሩን ጠርጥሩ፣ እነሱ ከሠሩ የእናንተን መስመር። ሰውየው ይጠብቅ ወይስ አገሩ ይግባ፣ የሚታወቀው ያኔ ነው። ማን ይደውላል ታዲያ!

ቃሉማ እንግሊዞቹ ዘንድ ሲጀምር የተጠለፈ መረብ ነበር፤ ኋላ ለባቡር ሐዲዱም ለሬዲዮውም ሆነ። እኛ ጋ ሲደርስ የ1 ለ5 አደረጃጀት ሆነ፣ ሰው አምጣና ኮሚሽን ብላ የሚል ንግድ ሆነ፣ ጨዋታ ላልገባው ሰው መቀለጃ ሆነ። እነዚህስ ይሁኑ። የሚያንገበግበው «ኔትወርክ ያለው» የሚባለው፣ ሰልፉን ትቶ በጓሮ በር የሚገባው ነው። የገበሬው ብር አልገባ ባለበት ሰዓት የሱ ጉዳይ በየትኛው መስመር አለቀ?