ምነው በመጡ፣ ምነው ባልመጡ

እስቲ ዛሬ የሚገባውን ሰው እናመስግን። የባንድ አድናቂን። ዘፈኑን የሠራውን ማለቴ አይደለም፤ እሱማ ጭብጨባውንም ብሩንም ወስዷል። እኔ የማመሰግነው የጠበቀውን ነው። የተበተነ ባንድ አንድ ቀን ይመለሳል ብሎ ዐሥርም ሃያም ዓመት ተስፋ ሳይቆርጥ የጠበቀውን። ባንዱ የተመለሰ ዕለት ደግሞ እግሩን ዘርግቶ፣ ከንፈሩን መጦ፣ «እንዲያው ባይመጡ ይሻል ነበር» ያለውን። እንዲህ ያለ ጽናት በየሙያው ቢኖረን የት በደረስን!

እኛ ድሬዎች ለባንድ እንግዳ አይደለንም። አፍራን ቀሎ የተባለው የኦሮምኛ ባንድ የተመሠረተው እዚሁ ነው። አሊ ቢራም ገና በልጅነቱ መድረክ የለመደው እዚሁ ነው። ስለዚህ ከዚራ ሰፈር፣ ዛፍ ጥላ ሥር ወንበር ስቦ፣ ስለ አሜሪካ ኢንዲ ሮክ ደም ሥሩ እስኪገተር የሚከራከር ጎልማሳ ብታዩ አትደነቁ። ብዙ አይደሉም። አንድ ባጃጅ ይበቃቸዋል። ሙቀቱ በረድ ሲል ይሰበሰባሉ። የአወዳዩ ጫት ከደረሰ በኋላ ደግሞ የሚያውቁት ነገር በእጥፍ ይጨምራል።

ኢንዲ ሮክ ለማታውቁት፣ ከትልልቆቹ የሙዚቃ ኩባንያዎች ራቅ ብሎ፣ በትንሽ አሳታሚ ወይም በራስ ኪስ የሚሠራ፣ ጊታር የበዛበት ሙዚቃ ነው። ዋና ጣዕሙ ግን ጊታሩ አይደለም። ሌላ ሰው አለማወቁ ነው። ጎረቤት ያወቀው ዕለት ፀሐይ እንዳገኘው ጫት ይጠወልጋል።

የዚህ ማኅበር አለቃ አባ ቲሸርት እንበለው። ስሙን ያወጣለት ቲሸርት ድሮ ጥቁር ነበር፤ አሁን አመድ መስሏል። ደረቱ ላይ የነበረው የባንድ ስም ተሰነጣጥቆ ተልጦ፣ ሁለት ፊደልና የአንድ ፊደል እግር ብቻ ቀርተዋል። ብብቱ ሥር በቡና ዓይነት ክር ተሰፍቷል። ከሳልባጅ ክምር ሥር ተቆፍሮ የወጣ ልብስ ነው። በገዛው ቀን የባንዱን ስም ሰምቶትም አያውቅም ነበር። ልኩ ስለሆነና ሻጩ ስለቀነሰለት ገዛው። እነማን እንደሆኑ ያወቀው ቤቱ ገብቶ ስልኩ ላይ ሲፈልግ ነው። ዛሬ ግን «እኔ እነዚህን ልጆች የሰማኋቸው ማንም ሳይሰማቸው ነው አቦ» ሲል ጨርቁን በሁለት ጣቱ ቆንጠር አድርጎ ያሳያል። ማስረጃ ነው። ከይዞታ ካርታ ይበልጣል።

የማኅበሩ ማዕረግ የሚሰጠው እንዲህ ነው። ባንዱ ከመበተኑ በፊት የሰማ፣ ሽማግሌ ይባላል፤ ሲናገር አይቋረጥም። ከተበተነ በኋላ የሰማ፣ ወንበር ያመጣል። ከተመለሰ በኋላ የሰማ፣ ሻሂ ይከፍላል። ሙዚቃውን ወዶ የሚሰማ ሰው ከተገኘ ደግሞ ቆሞ ያዳምጣል፤ ለእሱ ወንበር የለም።

የእነዚህ ሰዎች ታላቅነት በደንብ የታየው በኤልሲዲ ሳውንድሲስተም ጉዳይ ነው። የኒው ዮርክ ባንድ ነው። መሪው ጄምስ መርፊ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2011 «በቃን» አሉ። ሚያዝያ 2 ቀን ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን የተባለው ታላቅ አዳራሽ ውስጥ የመሰናበቻ ኮንሰርት አደረጉ። ከሦስት ሰዓት በላይ ተጫወቱ። አየር ላይ ነጭ ፊኛ ተለቀቀ፣ ሰው ተላቀሰ፣ ፊልምም ተሠራ። ትኬቱን አትራፊዎች አፍሰውት ስለነበር ከሩቅ የመጣ ሰው ብዙ ገንዘብ አውጥቶ ነው የገባው። በእኛ አገር ደንብ ሙሉ ተዝካር ወጥቷል ማለት ነው።

ከዚያ በ2016 መጀመሪያ ተመለሱ።

እንግዲህ እናንተ የዋሆች፣ አድናቂው እልል ያለ ይመስላችኋል። እልል ያለም አለ፤ ስሙን አናነሣውም። የሚደነቀው ሌላው ነው። «እኛ እኮ አልቅሰናል! ያለቀስንበትን እንባ ማን ይመልስልን?» ያለው። አስቡት። የሚወደው ባንድ በሕይወት በመኖሩ የተከፋ ሰው ነው። ቀብሮት የተመለሰ ዘመዱ በር ሲያንኳኳ «ለድንኳን ያወጣሁትን መጀመሪያ ክፈል» የሚል። ነገሩ እየከረረ ሲሄድ መርፊ ረዥም ደብዳቤ ጻፈ። መመለሳችን ክህደት ለመሰላችሁ ወዳጆቻችን ይቅርታ እጠይቃለሁ አለ። ሰውዬው ዘፈን በመዝፈኑ ይቅርታ ጠየቀ። በ2017 ያወጡት አልበም አሜሪካ ውስጥ የሽያጭ ሰንጠረዡን አናት ያዘ። ለአድናቂው ይህ የመጨረሻው ውርደት ነበር፤ ጎረቤት ሁሉ አወቀ።

አባ ቲሸርትም ተከድቷል። በዚያ በመሰናበቻው ምሽት እሱ እዚሁ ሳቢያን ሰፈር ነበር። መብራትም አልነበረም። ትኬት አልገዛ፣ አውሮፕላን አልተሳፈረ፣ ነጭ ፊኛም አልነካ። ስለ ስንብቱ እንኳ የሰማው ባንዱ ከተመለሰ በኋላ ነው። ግን ክህደት ርቀት አያውቅም። እስከ ዛሬ ስማቸው ሲነሣ ጉንጩን እንደሞላ ጭንቅላቱን ያወዛውዛል። «ወላሂ እነሱ እንዲህ ያደርጋሉ ብዬ አልጠበቅኩም» ይላል። አጠገቡ ያሉት ዝም ብለው ያጽናኑታል።

ሌላው የሚያኮራው የፍርድ ፍጥነታቸው ነው። ማይ ብለዲ ቫለንታይን የሚባል የአየርላንድና የእንግሊዝ ልጆች ባንድ አለ። በ1991 አንድ አልበም አወጡ፤ ጊታሩ እንደ ጭጋግ ተድበስብሶ የሚመጣ፣ ዘፋኟ ትንሾካሾክ ትዘፍን የማይለይ ነገር ነው፤ ብዙ ሰው እስከ ዛሬ የሚማልበት። ከዚያ ጠፉ። ቀጣዩ አልበም የመጣው በየካቲት 2013 ነው። በገዛ ድረ ገጻቸው፣ እንዲያው በድንገት ለቀቁት። አድናቂው ተረባርቦ ድረ ገጹን ጣለው። ከ21 ዓመት በላይ የታገሠ ሰው ጥቂት ሰዓት መታገሥ አቅቶት ተራገመ። ድረ ገጹ ተነሣ። አልበሙ አንድ ሰዓት አይሞላም። ፍርዱ ግን ገና ሦስተኛው ዘፈን ላይ ወጣ።

ፍርዱ ሁለት ዓይነት ነው፣ ሁለቱም ቀድመው ተዘጋጅተው ይቀመጣሉ። አዲሱ ሥራ የድሮውን ከመሰለ፣ «ምንም አላደጉም፤ ያንኑ ደገሙት።» ካልመሰለ፣ «ተለውጠዋል፤ እነሱ አይደሉም።» ከዚህ የሚያመልጥ ባንድ እስካሁን አልተወለደም። አንድ ጊዜ ከማኅበሩ አባላት አንዱን፣ እሺ ምን ቢያደርጉ ደስ ይልህ ነበር ብዬ ጠየቅኩት። ትንሽ አሰበ።

«ልክ እንደ ድሮው ሆኖ፣ ግን አዲስ ሆኖ፣ ግን ሳይለወጥ።»

«ያ ምን ዓይነት ነው?»

«አንተ አይገባህም አቦ። አንተ ዘግይተህ ነው የመጣኸው።»

እውነት ነው፣ ዘግይቼ ነው የመጣሁት። ሻሂውን ከፈልኩ።

ስለ እምነታቸው ሳላነሣ ባልፍ ደግሞ ነውር ነው። አሜሪካን ፉትቦል የሚባል ባንድ አለ፤ ከኳስ ጋር ግንኙነት የለውም። የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ልጆች ነበሩ። በ1999 ዘጠኝ ዘፈን ያለው አልበም አወጡና ወዲያው ተበተኑ፤ እያንዳንዱ ወደ ኑሮው። ሽፋኑ ላይ አርባና ከተማ ያለ አንድ ተራ ነጭ ቤት አለ፤ ፎቶው ከታች ወደ ላይ ተነሥቶ፣ ፎቁ ላይ አንድ መስኮት ብቻ እየበራ። ዓመታት ሲያልፉ ዘፈኑን የወደደ ሁሉ ቤቱን ፍለጋ ይሄድ ጀመር። ደጁ ላይ ቆሞ ፎቶ ይነሣል፤ ውስጥ ያለው ተከራይ እራቱን እየበላ ነው። ባንዱ በ2014 ሲመለስ የቤቱ ዝና ከባንዱ በልጦ ጠበቀው። በ2023 ባንዱና አሳታሚው ከሌሎች ጋር ሆነው ቤቱን ራሱን ገዙት። እንዳይፈርስ።

የእኛዎቹ ቪዛ የላቸውም። ስለዚህ መላ መቱ። ከዚራ ውስጥ አንድ ያረጀ ባለ ፎቅ ነጭ ቤት መረጡ። ማታ፣ ፎቁ ላይ መብራት እስኪበራ ጠብቀው፣ አባ ቲሸርት አስፋልቱ ላይ በጀርባው ተኝቶ ስልኩን ወደ ላይ አነጣጠረ። አንግሉ ልክ መሆን አለበት። የቤቱ ዘበኛ ዱላውን ይዞ ወጣ።

«ወሪያ! ምን ሆነህ ነው የወደቅከው? ባጃጅ ገጨህ?»

«አይ አባባ፣ ለሙዚቃ ነው።»

ዘበኛው ግራ ቀኝ አየ። «የታለ ሙዚቃው?»

ማንም አልመለሰለትም። እንዲህ ያለ ጥያቄ የሚጠይቅ ሰው መቼም አድናቂ አይሆንም። ፎቁ ላይ ያሉት ሰዎች መብራቱን አጠፉና ፎቶው ጥቁር ሆኖ ወጣ። አባ ቲሸርት ግን ለጥፎታል። «የገባው ይገባዋል» የሚል ጽፎበታል።

በነገራችን ላይ ይህ በጎ ምግባር የሮክ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ከተማችን ራሷ የባቡር ልጅ ናት፤ ባቡር እ.ኤ.አ. በ1902 እዚህ ባይደርስ ድሬዳዋ የምትባል ነገር የለችም። የድሮው ባቡር በሚሠራበት ዘመን «ዘገየ፣ ቆመ፣ ሐዲድ ሳተ» ተብሎ ያልተራገመበት ቀን የለም። ቆመና ጠፋ። ለገሃር ፊት ለፊት ቆሞ የማይተክዝ ጠፋ። በ2018 አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ሰው ማመላለስ ጀመረ። ጣቢያው ከከተማ ውጪ ነው፣ ይህ ቅሬታ ተገቢ ነው፣ እኔም እላለሁ። ግን አንድ ሽማግሌ «አዲሱ ምን ይደረጋል፣ አይንገጫገጭም እኮ!» ሲሉ ሰምቻለሁ። መንገጫገጩ ናፈቃቸው። የሞተ ልጅ አንገቱ ረዥም ነው።

ወደ ማኅበሩ እንመለስ። አንድ ነገር ሳይነገርላቸው ቀርቷል፤ እነሱም ባንድ ነበሩ። የምሬን ነው። ሦስት ሰዎች፣ ሁለት ጊታር፣ አንድ የሰርግ ቤት ከበሮ። ያለፈው ዘመን ላይ አንድ የጓደኛ ሰርግ ተጫውተዋል። አንደኛውን ዘፈን ጨርሰው ሁለተኛው መሐል ላይ መብራት ጠፋ። ለጄኔሬተሩ ቤንዚን ማምጣት የነበረበት ማን ነው የሚለው ጠብ ተነሣ። መብራቱ ሳይመለስ ባንዱ ተበተነ። ከዚያ ወዲህ በየበርጫው ይነሣል። ያ አንድ ዘፈን ከዓመት ዓመት እየተሻሻለ ሄዷል፤ ሲወራ ማለቴ ነው። ሙሽራው አለቀሰ ይላሉ። ሙሽራውን ጠይቄዋለሁ፤ እራት እየበላ ነበር።

ሰሞኑን ታረቁ። እንመለስ አሉ። ነምበር ዋን ሰፈር ካለ አንድ ግቢ ውስጥ ልምምድ ያዙ። እኔም ተጠርቼ ሄድኩ፣ ወንበር አምጪ ሆኜ። ጊታሩን ለመቃኘት ረዥም ሰዓት ፈጀ። ከበሮው በሙቀት ላልቶ ስለነበር ፀሐይ ላይ ተዘረጋ። በመጨረሻ ያንን ዘፈን ጀመሩ። ከእውነቱ አንጣላና፣ መጥፎ አልነበረም። አባ ቲሸርት ዓይኑን ጨፍኖ ነበር የሚጫወተው፤ ላቡ በዚያ በተሰነጣጠቀው ፊደል ላይ ይወርዳል።

የአከራዮቹ ትንሽ ልጅ በሩ ላይ ተደግፎ፣ ማንጎ እየመጠጠ ያዳምጣል። ዘፈኑ ሲያልቅ ፍሬውን ጣለና አፉን በክንዱ ጠረገ።

«ድሮ ይሻል ነበር አቦ» አለ።

ልጁ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ሰርጉ ሲደገስ አልተወለደም።

ሰው የሚቆጣ መስሎኝ ነበር። አባ ቲሸርት ግን ጊታሩን ግድግዳው ላይ አስደገፈ፣ ልጁን ጠርቶ ራሱን ዳበሰው፣ የራሱን ወንበር ለቀቀለት። «ይሄ ልጅ ሙዚቃ ያውቃል» አለን። ሻሂ ታዘዘለት። የከፈልኩት እኔ ነኝ። ሁለተኛው ልምምድ ለአድናቂው ክብር ሲባል ላልተወሰነ ጊዜ ተላልፏል።