ወይኑ እየተነቀለ እኮ ነው
ስለ ፈረንሳዩ የወይን አገር ስለ ኮርቢየር በተጻፈው በዚህ ጽሑፍ ውስጥ «ኮርቢየር ዛሬም እንደ ጥንቱ በወይን ተሸፍኖ ይኖራል» የምትለዋ ነገር አልተዋጠችልኝም። እዚያው ደቡብ ፈረንሳይ፣ ኮርቢየር ባለበት በኦድ አውራጃ ውስጥ፣ ሁለት ዓመት ወይን ለቅሜያለሁ። ወይኑ እየተነቀለ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው የመንግሥት ዕቅድ ዳግም ላይተክል ለሚነቅል ገበሬ በሄክታር 4,000 ዩሮ ይከፍል ነበር። ከላይ አስተያየት መስጫው ላይ «ለመንቀል ይከፈላል? ቀልድ ነው» ያልከው ወንድሜ፣ ቀልድ አይደለም። ፈረንሳዮቹ ራሳቸው ቀይ ወይን መጠጣት ቀንሰዋል፣ ድርቁም አለ። የሠራሁላቸው አዛውንት ካሪኛን የሚባለውን ወይን የተከሉት አያታቸው ናቸው። ግንዱ ክንድ ያክላል፣ ቁመቱ ግን ከጉልበት ብዙም አያልፍ። ቀኑን ሙሉ ጎንበስ እንዳልክ ይመሻል። ጭማቂው ሲደርቅ መቀሱ ጣትህ ላይ እንደ ማር ይጣበቃል። ወገቤማ አይነሳ! ሜዳው ላይ ግን የሚለቅመው ማሽን ነው፣ ለዚያውም ሌሊት፣ ፍሬው ሳይሞቅ። የጽሑፉ ጸሐፊ ስለ እሳቱ አንዲት ቃል አለመተንፈሱም ገርሞኛል። ኦገስት 2025 እዚያው ኦድ፣ ሪቦት የምትባል መንደር አካባቢ የተነሳው ቃጠሎ 16,000 ሄክታር ገደማ አዳርሷል። የታረሰ የወይን ማሳ እሳት ያዘገያል፤ በመስመሮቹ መሃል የሚነድ ነገር ብዙም የለማ። ከተነቀለ በኋላ ግን ሣርና ቁጥቋጦ ይወርሰዋል፣ ትራሞንታን የሚሉት ነፋስ ከተነሳ ደግሞ ማን ያቆመዋል? የአዛውንቱ የላይኛው ማሳ አሁን ጉልበት የሚደርስ ደረቅ ሣር ነው።