ኮኩን አትነካኩት፤ ገና አልበሰለም!

ዘንድሮም እንደ አምናው ከጓሮዬ ዛፍ አንድ የበሰለ ኮክ ሳልቀምስ ክረምቱ ሊያልፍ ነው። ዛፉ አላፈራም እንዳልል፣ ቅርንጫፉ መሬት ሊነካ እስኪደርስ አፍርቶ ነበር። በረዶ መታው እንዳልል፣ ዘንድሮ በሰፈራችን በረዶ አልጣለም፤ የመታው የሰው እጅ ነው። ፍሬው ገና አረንጓዴና ጠጕራም ሳለ በግንቦት መጨረሻ የተጀመረው ለቀማ ሐምሌ ሳይጋመስ ዛፉን ባዶ አስቀርቶታል። ይህን ብሶቴን አንብቦ ቅር የሚለው ሰው ካለ፣ ከለቃሚዎቹ አንዱ መሆን አለበት።

የሰፈሩን ልጆች ለጊዜው እተዋቸዋለሁ። ልጅ ድንጋይ ቢወረውር፣ ቆርቆሮውን ቢያንኳኳ፣ ጥሬውን ፍሬ በሚጥሚጣ እያጠቀሰ ቢበላ የዕድሜው ወግ ነው። እኔን ያንገበገቡኝ ትልልቆቹ፣ ያውም የራሴ ወዳጆች ናቸው።

በሰኔ መጨረሻ፣ ዝናቡ ጋብ ባለበት አንድ እሑድ፣ ጓደኞቼ ከጉለሌ የዕፅዋት ማዕከል ሲመለሱ ቡና ለመጠጣት እኔ ዘንድ ጎራ አሉ። ከጓሮው ዛፍ ሥር ተቀምጠን ጨዋታው ሁሉ ስለ ማዕከሉ ሆነ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የከተማው አስተዳደር በጋራ ያቋቋሙት ይህ ስፍራ በእንጦጦ ተራሮች ላይ ከ700 ሔክታር በላይ መሬት የያዘ ነው፤ ባሕር ዛፍ ውጦት በነበረው ተዳፋት ላይ ጥድ፣ ወይራና ኮሶ ተመልሰው ሲያቆጠቁጡ ማየት ደስ እንደሚያሰኝ እኔም አውቃለሁ። አንደኛው ስለ ቀጋውና ስለ አጋሙ አወራ፤ ሌላዋ ደግሞ ኮሸም ምን እንደሚመስል ለመጀመሪያ ጊዜ እዚያ ማየቷን ነገረችን። ከሁሉም በላይ ያደነቁት ግን የጎብኚውን ሥነ ሥርዓት ነበር፤ የዛፎቹን ስም ከሰሌዳው ላይ ያነብባሉ፣ ፎቶ ያነሣሉ፣ ቅጠል የሚቀነጥስ ግን አንድም ሰው አላዩም። «እንዲህ ስንሆን እኮ ያምርብናል!» አለች ጓደኛዬ።

ይህን ስትል በቀኝ እጇ ስኒዋን ይዛለች፤ በግራ እጇ ደግሞ ከራስጌዋ የተንጠለጠለውን ኮክ በአውራ ጣቷ ትጫነዋለች። «ይሄ አልደረሰም» አለችና ወደሚቀጥለው ተሻገረች። እርሱንም ተጫነችው። በተቀመጠችበት ሆና እጇ የሚደርስበትን ሁሉ እንዲህ ስትፈትሽ ቆይታ በመጨረሻ አንዱን ቀጠፈች፣ ነከሰችው፣ ፊቷን አጨማደደች፣ የተረፈውንም ወደ አጥሩ ሥር ወረወረችው። ሊበስል ጥቂት የቀረው ኮክ ጣት ሲያርፍበት ምን እንደሚሆን የማያውቅ ካለ ልንገረው፤ በማግሥቱ በጣቱ ልክ የሆነ ቡናማ ክብ ያወጣል፣ ያ ክብ ይላሽቃል፣ ዝንብ ይሰፍርበታል፣ ከዚያም ፍሬው ሳይበስል በስብሶ ይረግፋል። እኔም ሳምንቱን ሙሉ ከዛፉ ሥር የጓደኛዬን የአውራ ጣት አሻራ ስጠርግ ሰነበትኩ።

ተው ስል ደግሞ የምሰማው መልስ ሁልጊዜ አንድ ነው። «አንቺ ደግሞ ታበዢዋለሽ! ቤት ወስደን እናበስለዋለን።» ኮክ እኮ ሙዝ አይደለም። ሙዝ በውስጡ ያከማቸው ስታርች ስላለው ከተቆረጠ በኋላ ያ ስታርች ወደ ስኳር እየተለወጠ ይጣፍጣል፤ ኮክ ግን እንዲህ ያለ ስንቅ የለውም፣ ጣፋጭነቱን የሚያገኘው ከዛፉ ጋር ተያይዞ ሳለ ቅጠሉ ከሚልክለት ስኳር ነው። ጥሬውን ቀጥፎ መሳቢያ ውስጥ ያስቀመጠ ሰው ከቀናት በኋላ የሚያገኘው የለሰለሰ ጥሬ ኮክ ነው። አቮካዶ ደግሞ ሌላ ጠባይ አለው፤ ዛፉ ላይ ቢከርምም አይለሰልስም፣ ተለቅሞ ቤት ከገባ በኋላ ነው የሚበስለው። ቢሆንም አስቀድሞ መጎልመስ አለበት፤ ሳይጎለምስ የተቀጠፈው ቆዳው ይጨማደዳል፣ ሥጋውም እንደ ጎማ ይሆናል። ደረሰ አልደረሰ ለማለት አንዱን ብቻ ለቅሞ ቤት ማስቆየትና ሳይጨማደድ መለስለሱን ማየት ይበቃል። ማን ይታገሣል ታዲያ? ከጉሊት የምንገዛው አቮካዶ ለምን እንደማይበስል የሚያማርሩት እነዚሁ ጓደኞቼ ናቸው፤ ነጋዴው ዛፉን እንደቆመ ገዝቶ ትልቁንም ትንሹንም በአንድ ቀን ሲያራግፈው ሌላ ምን ይጠበቃል?

የኮኩን ቅርንጫፍ በእጅ ዝቅ አድርገው የሚቀጥፉት እንኳ ይሻላሉ። ከግቢያችን ተከራዮች አንዱ በመጥረጊያ እንጨት ሲደበድበው፣ ከፍሬው ጋር ለጋው ቅርንጫፍ እየተገነጠለ ይወርዳል። ኮክ የሚያፈራው ባለፈው ዓመት ባደገው ቅርንጫፍ ላይ ነው። ስለዚህ ዛሬ የተገነጠለው ለጋ የሚመጣው ዓመት አበባ፣ የሚመጣው ዓመት ፍሬ ነበር። ይህን ባስረዳውም የመለሰልኝ «እኔ ብተወው ሌላው ይወስደዋል» ብሎ ነው። ግቢውን የጨረሰው ይህ አነጋገር ነው። ሁሉም ሌላው ሳይቀድመው ለመቅደም ሲል ማንም የማይበላውን ጥሬ ይሸመጥጣል፤ ዘይቱኑም ካዝሚሩም በዚሁ መንገድ ነው የሄዱት። ሁላችንም ሁለት ሳምንት ብንታገሥ ለግቢው ሰው ሁሉ፣ ለጎረቤትም ጭምር የሚተርፍ የበሰለ ፍሬ ነበረን። ስስት አይደለም የሚያናግረኝ፤ ሲበስልማ በሳህን አድርጌ በየበሩ የማዞረው እኔው ነኝ።

ከሁሉ የሚገርመኝ እጅን የመሰብሰቡ ነገር ነው። ጉለሌ ላይ ቀጋ የማይነካ ሰው እኔ ጓሮ ሲደርስ ምን ይነካዋል? እዚያ መግቢያ ከፍሏል፣ ጥበቃ አለ፣ ሰሌዳ አለ። እዚህ ደግሞ ያለሁት እኔ ነኝ፤ እኔ ደግሞ ጓደኛ ነኝ፣ ጓደኛን «እጅሽን ሰብስቢ» ማለት ያስቀይማል። አንዳንዴ ከግንዱ ላይ የኮክን ስምና ሳይንሳዊ መጠሪያውን ጽፌ ሰሌዳ ብሰቅልበት ይከበርልኝ ይሆን እላለሁ። ለዘርም ቢሆን እኮ ፍሬ መብሰል አለበት። እነዚያ ያደነቋቸው የአገር በቀል ችግኞች ዘራቸው በጥሬው ተለቅሞ ቢሆን ኖሮ በወጉ አይበቅሉም ነበር። ይህንንም ያስረዳችን ያችው ባለ አውራ ጣቷ ጓደኛዬ ናት፤ ከአስጎብኚው ሰምታ።

አሁን ደግሞ በሚመጣው እሑድ ለአቮካዶው እንመጣለን ብለው ደውለውልኛል። አቮካዶው ገና ነው፣ ብያለሁ። ቡናው ግን አለ፤ የሚፈላውም ሳሎን ውስጥ ነው፣ የጓሮው በር ተቆልፎ።